ባሕሩ የሁሉ ነው

አንዳንዶቻችሁ ከአሠሪዎቻችሁ ጋር ለዕረፍት አሜሪካ ትሄዳላችሁ። በኒው ጀርሲ ያለችው አትላንቲክ ሲቲ በባሕር ዳርቻዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 በተሠራው የእንጨት መንገዷና በቁማር ቤቶቿ ትታወቃለች። የመጀመሪያው ቁማር ቤት የተከፈተው ግን በ1978 ነው።

ከዚያ በፊት ከተማዋን ያቆሟት እንደ እናንተ ያሉ ሠራተኞች ናቸው። ከደቡብ የመጡ ጥቁሮች በየሆቴሉ አልጋ አነጠፉ፣ ምግብ አበሰሉ። በዕረፍት ቀናቸው ግን ባሕር የሚገቡት ለብቻቸው በተከለለ ቦታ ነበር፤ ይህም እስከ 1964 ድረስ ቆየ። ዛሬ ዳርቻው ለሁሉም ክፍት ነው።

ቁማር ቤቶቹስ? በ2014 ብቻ አራቱ ተዘግተው በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራቸውን አጡ። ማሽኑ የተሠራው ለባለቤቱ እንዲያተርፍ ነው፤ ለእናታችሁ የምትልኩትን ገንዘብ አትጨምሩበት።

ዕድሉን ካገኛችሁ ግን በእንጨቱ መንገድ ተራመዱ፤ እግራችሁንም ውኃው ውስጥ ንከሩ። የሰው ልጅ አዝላችሁ፣ ዕቃ ተሸክማችሁ ብቻ አትመለሱ። ለራሳችሁ አንድ ሰዓት ጠይቁ። አልጋ የምታነጥፍም ዕረፍት ይገባታል ብለን እናምናለን።