ፈራሚው ይማር

በመሥሪያ ቤቶቻችን ስብሰባ ላይ የሲስተም ጉዳይ ሲነሣ ሁልጊዜ የምሰማው አንድ አነጋገር አለ፤ «እሱን አይቲዎች ይዩት።» ዋና ሥራ አስኪያጁ ይለዋል፣ የግዥ ኃላፊው ይደግመዋል፣ እኛ የፋይናንስ ሰዎችም አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን ወደሚቀጥለው አጀንዳ እናልፋለን። ውሉ ተዘጋጅቶ ሲመጣ ግን ፊርማውን የሚያሳርፉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በአዲስ አበባ የአስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶችን ሂሳብ ስመራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ባለሙያ እንደመሆኔ ለሙያ ባልደረቦቼም ሆነ ለአሠሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው፦ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አስተዳደርን አስቀድመን መማር ያለብን እኛ ፈራሚዎቹ ነን።

የእኔ ዘመን የንግድ ተማሪ ስለ ኮምፒውተር የተማረው ዎርድና ኤክሴል ነበር። ከተመረቅን በኋላ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ተጨመረበት። ዛሬም ቢሆን የሂሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ማስታወቂያ ከታች «ፒችትሪ የሚችል» ሳይል አያልፍም። ፒችትሪን መቻል ጥሩ ነው፤ እኔም እንጀራዬን በልቼበታለሁ። ነገር ግን ሶፍትዌርን መጠቀም አንድ ሙያ፣ ድርጅቱ የትኛውን ሶፍትዌር፣ በምን ውል፣ በምን ጥንቃቄ እንደሚይዝ መወሰን ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ሁለተኛውን ያስተማረን የለም።

በዚህ መካከል ሥራው ራሱ ተለወጠ። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ጸደቀ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ። በሚያዝያ 2015 በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ሲደረግ፣ ለሾፌር ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ ደረሰኝ መቀበል የለመደ የሂሳብ ክፍል ሁሉ አሠራሩን በአንድ ጊዜ መቀየር ነበረበት። ክፍያው በማን ስልክ ይፈጸም? ገደቡ ስንት ይሁን? ሾፌሩ ሥራ ቢለቅ ሒሳቡን ማን ይዘጋዋል? ይህን ሁሉ የሚመልሰው የሂሳብና የቁጥጥር ሰው ነው። ፕሪንተር የሚጠግነውንና ኔትወርክ የሚዘረጋውን ወጣት ይህን ወስን ማለት ያልሰጡትን ሥልጣን መጠየቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ዓይኔን የገለጠው የዶላር ጉዳይ ነው። የድርጅትን ሥራ በአንድ ላይ የሚያስተዳድሩ ብዙ የኢአርፒ ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያቸው በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን የሚተመነውም በውጭ ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በቅርብ የማውቀው አንድ ድርጅት ለሦስት ዓመት የሲስተም ውል የገባው ከዚያ በፊት ነበር። ውሉ የተጠቃሚ ብዛትና የሰርቨር አቅም በዝርዝር ይዟል፤ አይቲዎቹ ድርሻቸውን በሚገባ ተወጥተዋል። የምንዛሬ ለውጥ ቢመጣ ወጪውን ማን እንደሚሸከም፣ ውሉ ቢቋረጥ የድርጅቱ መረጃ በምን መልክ ተገልብጦ እንደሚመለስ የሚል አንቀጽ ግን የለውም። እነዚህ የገንዘብና የውል ጥያቄዎች ናቸው፤ ማንሣት የነበረበትም የፋይናንስ ወገን ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንዲሉ፣ ሻጩም የሚጠይቀው እንደሌለ ሲያይ ለራሱ የሚመቸውን ውል ያቀርባል።

ይህ ጉዳይ ስላሳሰበኝ ቅዳሜና እሁድ ለሚሰጥ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ አስተዳደር ትምህርት ተመዘገብኩ። አብረውኝ የተቀመጡት የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ የሆስፒታል አስተዳዳሪ፣ የጉምሩክ አስተላላፊና መርካቶ ውስጥ የቤተሰቡን የጅምላ ንግድ የሚመራ ወጣት ነበሩ። ኮድ መጻፍ የሚችል ከመካከላችን አልነበረም፤ ትምህርቱም አልጠየቀንም። የተጠየቅነው በየመሥሪያ ቤታችን ያለውን ሥራ ከፋፍለን ማየት ነው፦ የትኛው መረጃ ቢጠፋ ሥራው ይቆማል? ስንት ሰዓት ቢቆም እንችላለን? መጠባበቂያ ቅጂው አለ እንላለን፣ ግን ከቅጂው መልሶ ማስነሣት ተሞክሮ ያውቃል? ሆስፒታል አስተዳዳሪዋ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ሰምታ ሰኞ መሥሪያ ቤቷ ሄዳ አስሞከረችው። ካርድ ክፍል ያሉት ሠራተኞች ሲስተሙ ቢቋረጥ በምን ወረቀት እንደሚሠሩ ያን ቀን ተጽፎ ተሰጣቸው። ለእኔ ጥሩ ትምህርት ማለት ቅዳሜ ተምረውት ሰኞ ሥራ ላይ የሚውል ነው።

አንድ ቅዳሜ የተወያየነው አገር ስለሚያውቀው ጉዳይ ነበር። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ባጋጠመ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ወጪ ማድረግ ችለው ነበር። ባንኩ ያለአግባብ የተንቀሳቀሰው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑንና የሳይበር ጥቃት አለመፈጸሙን ገልጾ፣ አብዛኛውን አስመልሷል። መምህራችን ጥፋተኛ እንድንፈልግ አልፈቀደልንም። በምትኩ የየራሳችንን ድርጅት አስቀምጠን እንድንመልስ አደረገን፦ የሲስተም ለውጥ ከመግባቱ በፊት ማን ይፈቅዳል? የት ይሞከራል? ሌሊት ችግር ቢፈጠር «ዝጉት» የማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው፣ ስልኩስ ይነሣል? ከክፍሉ ተማሪ አብዛኛው መልስ አልነበረውም።

ሕጉም ወደ እኛ መጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የደንበኛን መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አድርጎ በመደርደሪያ ማከማቸት፣ የሠራተኛን የሕክምና ወረቀት በቴሌግራም መላላክ እንደ ቀድሞው ተራ ነገር ሆኖ የሚታለፍ አይደለም። ምን መረጃ እንደሚሰበሰብ የሚወስነው የሽያጩና የሰው ኃይሉ ክፍል ነው። አዋጁን ማንበብ ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

መንግሥት በሐምሌ 2016 «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለውን ሥልጠና ማስጀመሩን እደግፋለሁ። ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስ የሚያውቅ ወጣት ያስፈልገናል። ነገር ግን ያ ወጣት ነገ ተቀጥሮ የሚገባው በእኛ ሥር ነው። ምን እንደምንፈልግ በግልጽ የማንነግረው፣ ሥራውን መመዘን የማንችል፣ ያቀረበውን ማስጠንቀቂያ የማንረዳ አለቆች ከሆንን ችሎታውን እናባክናለን።

አሠሪዎች የሚያነሡትን ሥጋት አውቀዋለሁ፤ «አስተምረነው ይለቅብናል።» ለዚህ መልሱ አዲስ አይደለም፤ ባንኮችና መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የሠሩበት የአገልግሎት ግዴታ ውል አለ። የሚከብደው ጊዜው ነው። ለማታ ትምህርት ከቦሌ ወይም ከቃሊቲ ሥራ ወጥቶ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ኪሎ ለመድረስ የሚሞክር ሰው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጨርሰዋል። ሴቶች ደግሞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ የመመለሻ ትራንስፖርትና የቤት ኃላፊነት አለባቸው። ቅዳሜና እሁድ በሚሰጠው በእኔ ክፍል እንኳ ያቋረጡት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ያቋረጡትም ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሰዓት ቢፈቀድ የትምህርት ክፍያውን ከመሸፈን እኩል ይረዳል።

ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሁሉንም ነገር በሁለት ዓመት ማስተርስ ውስጥ ባይጠቀልሉት እመኛለሁ። የሲስተም ግዥና ውል፣ የሥጋት አስተዳደር፣ የዳታ ሕግ፣ የፕሮጀክት ክትትል እያንዳንዳቸው በጥቂት ሳምንታት የሚያልቁ ኮርሶች ሆነው፣ ሰውየው በአቅሙ እየወሰደ ሲደማመሩ ለዲግሪ ቢቆጠሩለት ብዙ ሰው ይመጣል። ምሳሌዎቹም ከዚሁ ይሁኑ፦ የበጀት ዓመቱን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ጳጉሜንን በማያውቅ ሶፍትዌር ስለሚቸገር፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም መሸጥ ስላለበት ድርጅት እንማር። የሙያ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። ኤሲሲኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበር አባል የሆነ የሂሳብ ባለሙያ በየዓመቱ የ40 ሰዓት ተከታታይ ሙያዊ ትምህርት ይጠበቅበታል። ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ለሲስተም አስተዳደር ማዋል ተጨማሪ ሸክም አይሆንም።

አሁን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲዘጋጅ ለአይቲ ክፍሉ ከሚያዘው የሥልጠና ገንዘብ ለይታችሁ፣ ለፋይናንስ፣ ለግዥ፣ ለሰው ኃይልና ለዋና ሥራ አስኪያጁ የቴክኖሎጂ አስተዳደር ትምህርት የሚሆን አንድ የበጀት መስመር አስገቡ። በጀቱን የምታዘጋጁት የፋይናንስ ኃላፊዎች ናችሁና መስመሩን ለማስገባት የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም፤ ቦርዱ ምክንያቱን ሲጠይቅ ደግሞ የመጨረሻውን የሲስተም ውላችሁን ይዛችሁ ግቡና ያልተጠየቁትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አንብቡለት።