ቤቱን በስምንት ሰዓት እዩት

ቤት የሚገዛ ሰው ምን ይጠይቃል? የካርታውን ነገር፥ የግቢውን ስፋት፥ የውሃውን መኖር፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጋውን። በአሶሳ ግን ሊዘነጋ የማይገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቤቱ ምን ያህል ሙቀት ይይዛል፥ ምን ያህልስ ኤሌክትሪክና ከሰል ይፈጃል የሚለው ነው። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላ አገር ጉዳዩ ለገዢው ብልህነት ብቻ አልተተወም። በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤቱን የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ መርማሪ ጠርቶ ጣሪያውን፥ መስኮቱንና ማሞቂያውን ያስመረምራል፤ መርማሪውም ቤቱን እንደ ተማሪ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ በሽያጩ ማስታወቂያ ላይ መውጣት አለበት። የአውሮፓ ኅብረትም በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ ቤት ሲሸጥም ሆነ ሲከራይ የኃይል ፍጆታው ደረጃ የተጻፈበት ወረቀት እንዲቀርብ አዝዟል።

የእኛው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኃይል ቁጠባ ይናገራል፤ ቤት ሻጩን ግን እንዲህ ካለው ግዴታ አላስገባውም። እኔም የፖርትላንዱ ደንብ እንዳለ ተቀድቶ ይምጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የዚያ አገር መርማሪ ይበልጡን የሚጨነቀው ሙቀት ከቤት እንዳይወጣ ነው፤ የአሶሳ ሰው ጭንቀት ደግሞ በመጋቢት ፀሐይ የገባው ሙቀት እንዲወጣለት ነው። ከዚህም በቀር የመርማሪው አበል መጨረሻው በገዢው ላይ መውደቁ አይቀርም።

ታዲያ ሕግ ምንም አይረዳንምን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን በዕቃው ላይ ለሚገኝ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። ነገር ግን ገዢው እያወቀ የተቀበለውን ጉድለት፥ ወይም ዓይኑን ገልጦ ቢያይ ኖሮ የማያመልጠውን ግልጽ ጉድለት አይመለከትም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከራስ በላይ ተዘርግቶ እየታየ «አልነገረኝም» ብሎ መክሰስ እንዴት ይሆናል!

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለዓመታት ከቆጠበው ገንዘብ እንዲህ ያለ ቤት ገዛ። ቤቱን ያሳዩት በማለዳ ነበር፤ ቀዝቃዛ፥ ንጹሕ፥ ደስ የሚል ቤት! በበጋው ግን ከስምንት ሰዓት በኋላ ከውስጥ መቀመጥ አቃተውና የተማሪዎቹን ደብተር በማንጎው ጥላ ሥር ማረም ጀመረ። ይህም ሳያንሰው የጎረቤቱ መብራት ከእሱ ቆጣሪ የተሳበ መሆኑ ከወራት በኋላ ተገኘ። የጎረቤትን ነገር መቼም ታውቃላችሁ፤ ሽቦውን መቁረጥ ቀላል ነው፥ ቡና መጠራራቱ ግን አብሮ ይቆረጣል።

የሚያስገርመው፥ በርታዎች በቀርከሃ ግድግዳና በሣር ክዳን የሚሠሩት ቤት ነፋስ ያስገባል፥ ፀሐይንም ይከላከላል። ቆርቆሮው ለዝናብና ለእሳት መልካም ሆኖ ሳለ ይህን ጠባይ አልወረሰም። ቢሆንም ከሥሩ የቀርከሃ ምንጣፍ ቢወጠርለት፥ በቆርቆሮውና በምንጣፉ መካከልም አየር መውጫ ቢተውለት፥ የቤቱ ጠባይ ብዙ ይሻሻላል።

ወደ ማዕድ ቤቱም እንግባ። ከክልላችን ከጉባ ወረዳ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ በብዙ ቤት ግን ምጣዱ አሁንም በእንጨት ይጣዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ ቢባልም ሽቦው ይቻለዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ የሚፈጀው ኃይል፥ ባለ 10 ዋት አምፑልን በየማታው አምስት አምስት ሰዓት እያበራ 210 ሌሊት ያዘልቃል። ይህን ሸክም በቀጭን የመብራት ሽቦ ማሳለፍ እሳት መጋበዝ ነው።

ስለዚህ ቤት ልትገዙ ስትሄዱ መርማሪዎቹ እናንተው ሁኑ። ሻጩ «በጧት ኑ» ቢል እናንተ በስምንት ሰዓት ሂዱ፤ በሩ ተዘግቶ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። ምጣዱንና አምፑሎቹን አንድ ላይ አብሩና ብርሃኑ ይደክም እንደ ሆነ ተመልከቱ። ቀጥሎ ያለውን ሁሉ አጥፉና ወደ ቆጣሪው ሂዱ፤ አሁንም የሚቆጥር ከሆነ ሌላ ሰው እየተጠቀመ ነው፥ ወይም መስመሩ ችግር አለበት። ያለፉትን ወራት የክፍያ ደረሰኝ፥ የካርድ ቆጣሪም ከሆነ የተሞላበትን ሒሳብ ጠይቁ፤ ዕዳ እንደሌለበትም ከመሥሪያ ቤቱ አረጋግጡ። ኮርኒስ ከሌለው ደግሞ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አናጢ ይዛችሁ ሂዱና የሚፈጀውን ያስላላችሁ፤ የነገራችሁንም ያህል ከቤቱ ዋጋ ላይ እንዲቀነስላችሁ ጠይቁ።