ጸጥ ያለ ጎዳናም የንግድ ሀብት ነው

ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሸቀጥ ምንድን ነው ተብሎ አንድ የሲቀላ ነጋዴ ቢጠየቅ፥ ሙዝ፥ ማንጎ፥ ዓሣ፥ የዶርዜ ሸማና የጨንቻ ፖም ብሎ ሳያመነታ ይቈጥራል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። በሚዛን የማይመዘን፥ በመኪና የማይጫን፥ ገዢው ራሱ እስከ ስፍራው ድረስ መጥቶ የሚሸምተው አንድ ሌላ ሀብት ከመዝገቡ ቀርቷል። ይኸውም በጋሞ ተራሮች ሥርና በሐይቆቹ ዳር የሚያልፈው ጸጥ ያለ ጎዳና ነው።

በዛሬው ዘመን ብስክሌት እየነዳ አገር ለማየት የሚጓዝ ሰው በብዙ አገሮች ይገኛል። ይህ መንገደኛ የሚሻው አራት ነገር ነው፤ መኪና የማይበዛበት መንገድ፥ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ፥ ዐይን የሚያሳርፍ ውሃ፥ ሲመሽም ንጹሕ አልጋ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ጎን ለጎን ይዞ የሚገኝ ስፍራ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም። የጋሞ ምድር ግን ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው።

መንገዶቹን በየተራ ማየት ይገባል። የመጀመሪያው ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው፥ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው አስፋልት ነው። ምዕራብ ዓባያን ሲያቋርጥ በስተ ቀኝ ተራራው፥ በስተ ግራ የሙዙ እርሻና ከእርሻው ማዶ የዓባያ ሐይቅ ይታያሉ። ሁለተኛው ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን ዋናውን ጎዳና ለቆ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ የሚወጣው ነው። ርዝመቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከ1,200 ሜትር ከፍታ ግድም ተነሥቶ እስከ 2,700 ሜትር ግድም ይደርሳል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ መንገደኛው ከሙዝ አገር ተነሥቶ የእንሰትና የቀርከሃ አገር ይገባል፤ በላብ የጀመረውንም ጉዞ በጋቢ ይጨርሰዋል። ወደ ኋላው ዘወር ቢል ዓባያና ጫሞ፥ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ፥ ከእግሩ በታች ተዘርግተው ያያቸዋል። ሦስተኛው ጎዳና የጫሞን ሐይቅ በስተ ግራ እያሳየ ወደ ደቡብ የሚሄደውና፥ በሰኔ 2003 ዓ.ም. የእርከን እርሻው በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው ወደ ኮንሶ የሚያደርሰው ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት፥ ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ፥ እነዚህን መንገዶች በብስክሌት መሄድ ትልቅ ደስታ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ነጋዴ የሚያነሣው ክርክር አለ። «ገንዘብ ያለው እንግዳ በአውሮፕላንና በመኪና ይመጣል፤ በብስክሌት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ ይመጣል?» ይላል። ክርክሩ ለጆሮ የቀና ይመስላል፤ ሒሳቡ ሲሠራ ግን ይፈርሳል። በመኪና የሚሄደው እንግዳ ከሶዶ ተነሥቶ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ውስጥ አርባ ምንጭ ይደርሳል፤ በመካከል ያሉትን ትንንሽ ከተሞች የሚያውቃቸው በመስተዋት ውስጥ ነው። በማግስቱም ወደ ኦሞ ያልፋል፤ ገንዘቡም አንድ ሆቴልና አንድ ነዳጅ ማደያ ዘንድ ይቀራል። በብስክሌት የሚሄደው ግን ያንኑ መንገድ ቀኑን ሙሉ ይሄድበታል። በየሃያው ኪሎ ሜትር ውሃ መግዛት፥ በየሁለት ሰዓቱ መብላት፥ ጎማው ሲተነፍስም መቆም ግድ ይሆንበታል። ቢፈልግም ሳይገዛ ማለፍ አይችልም። የገንዘቡ መጠን ከመኪናው እንግዳ ቢያንስም፥ በምዕራብ ዓባያ ሻይ ለምታፈላው፥ በዶርዜ ቆጮ ለምትጋግረው፥ በጨንቻ አልጋ ለሚያከራየው ሰው እየተከፋፈለ ይደርሳል። ንግድ የሚያድገውም ገንዘብ በብዙ እጅ ሲዞር መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

ብስክሌትም ቢሆን ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትገኝ የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን አሰልፋ ነበር፤ ገረመው ደንቦባም በዚያ የጎዳና ውድድር 24ኛ ሆኖ ፈጽሟል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። ከጎረቤቶቻችንም የሚወሰድ ትምህርት አለ። የሺህ ኮረብቶች አገር የምትባለው ሩዋንዳ ዳገቷን እንደ ችግር ሳትቈጥር የውድድር ሜዳ አደረገችው፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በዋና ከተማዋ በኪጋሊ ተካሄደ። የጨንቻ ዳገት ከኪጋሊ ዳገት አያንስም፤ የጎደለው ዋጋውን የሚያውቅለት ባለቤት ነው።

እንግዲህ ባለቤቱ ማን ነው? ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ ለመንግሥት ብቻ ይተወዋል። ይሁን እንጂ የጎዳናው ጸጥታ ከሁሉ በፊት በነጋዴው እጅ ነው፤ ምክንያቱም ጸጥታውን የሚያደፈርሱት መኪናዎች የነጋዴው ናቸው። ሙዝ ጭኖ ገበያ እንዳያመልጠው የሚበር ሹፌር፥ የሚበረው የጭነቱ ባለቤት ስላጣደፈው ነው። ባለ ጭነቱ በመንደርና በመታጠፊያ ላይ ፍጥነት እንዲቀንስ፥ ብስክሌተኛንና እግረኛን ሲያልፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል እንዲርቅ ሹፌሩን ቢያዝዘው የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚያተርፈው ግን የእንግዳውን ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ከትምህርት ቤት በአስፋልቱ ዳር የሚመለሱትን የገበሬ ልጆች ነፍስም ነው። ይህን አንድ ነገር ሳያደርጉ ብስክሌተኛን መጋበዝ ግን ሰውን ወደ አደጋ መጥራት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ደኑ ነው። ከተማው ስሙን ያገኘባቸው ምንጮች የሚፈልቁት በ1966 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ደን ሥር ነው፤ የአርባ ምንጭ ሕዝብም ከእነርሱ ይጠጣል። ከዚህ ደን የማገዶ እንጨት በሸክም ወጥቶ በከተማው ይሸጣል። ሸክም ያጎበጣትን ሴት መውቀስ ግን ፍርድ ማጉደል ነው፤ ገዢ ሳይኖር ሻጭ እንደማይኖር ከነጋዴ በላይ የሚያውቅ የለም። ምግብ ቤቱና ዳቦ ጋጋሪው ማገዶውን በተተከለ ባሕር ዛፍ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢለውጥ፥ ለተሸካሚዋም በጉልበቷ የምታድርበት ሌላ ሥራ ቢፈለግላት፥ ደኑ ይተርፋል። በደጋውም የጋሞ አባቶች እንዳይቈረጡ ከልክለው ያቆዩአቸው የተከበሩ የዛፍ ስፍራዎች አሉ፤ ከእነርሱ ውጭ ያለው ተዳፋት ሲራቆት አፈሩ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። የዓባያ ውሃ ቡናማ የሆነው ወንዞቹ በሚያመጡት ደለል ነው። ዛፉ ከጎዳናው ዳር በጠፋ ጊዜ የሚጠፋው ጥላ ብቻ አይደለም፤ ምንጩም፥ ዓሣውም፥ የሙዙ መስኖም አብረው ይጎዳሉ።

ሦስተኛው ጉዳይ የልጆች ነው። በዶርዜ መንገድ ልጆች በመኪና ፊት እየጨፈሩ ሳንቲም እንደሚጠይቁ የታወቀ ነው። በመኪና ያለ ሰው ያልፋቸዋል፤ ዳገት የያዘ ብስክሌተኛ ግን ማምለጫ የለውም፤ ከኋላው ተይዞ ሊወድቅም ይችላል፤ ልጆቹም ከትምህርታቸው ይቀራሉ። ይህ በጥበቃና በዱላ የሚቃና አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ ለበቀል የተነሣውን ወጣት እንደ መለሱት ኢትዮጵያ ሁሉ አይቷል። ያን ታላቅ ቍጣ ያበረደ ቃል፥ በየዱቡሻው ቢነገር፥ ለእንግዳ መንገድ መልቀቅን ለልጆች ማስተማር አይሳነውም። ነጋዴውም በበኩሉ ለልጆቹ ሳንቲም ከመወርወር ይልቅ ደብተር ለትምህርት ቤታቸው ቢሰጥ ሽማግሌውን ያግዛል።

የቀረው ቀላል ነው። በሲቀላ፥ በምዕራብ ዓባያና በጨንቻ አንዳንድ ጎሚስታ ከመነዳሪ፥ ካቴና፥ የፍሬን ሽቦና መንፊያ ቢያስቀምጥ፤ ማረፊያ ቤቶች ለብስክሌት የሚቈለፍ ክፍልና ዋጋው በግልጽ የተጻፈበት አልጋ ቢያዘጋጁ፤ የንግድ ምክር ቤቱም የሦስቱን መንገዶች ርቀት፥ ዳገትና የውሃ መግዣ ስፍራ የሚያሳይ አንድ ገጽ ካርታ ቢያሳትም፥ ሥራው ይጀመራል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ወጪ ተደምሮ አንድ የጭነት መኪና ከሚገዛበት ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

አዲስ ሆቴል መሥራት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ይጠይቃል፤ የጠፋ ጸጥታንና የተቈረጠ ደንን መመለስ ግን ገንዘብ ያለውንም ሰው ያቅተዋል። ሐይቆቹ፥ ተራሮቹና መንገዶቹ ዛሬ በስፍራቸው አሉ። የአርባ ምንጭና የአካባቢው ነጋዴ ይህን ሀብት በመዝገቡ ላይ አስፍሮ እንደ ሸቀጡ ሊጠብቀው ይገባል፤ ሳይጠብቀው ቢቀር ግን ኪሳራው የልጆቹም ጭምር ይሆናል።