ምርመራው የሚስት ብቻ አይደለም



በጸሎት ፕሮግራሞቻችን ላይ «ልጅ የዘገየባችሁ ወደ ፊት ኑ» ሲባል የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ እህቶች ናቸው። የምንጸልየውም «የተዘጋ ማህፀን ይከፈት» ብለን ነው። ስለ ባልየው አካል የሚጸልይ እምብዛም አይሰማም። ወደ ሕክምና ሲኬድም ያው ነው፤ ሚስት ከክሊኒክ ክሊኒክ ትመላለሳለች፣ ባል «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ ይቀመጣል። ይህ ልማድ ከሕክምናም ከቃሉም ጋር አይስማማም እንላለን።

በመጀመሪያ ሕክምናው ምን ይላል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ከ6 አዋቂዎች 1 ያህሉ በሕይወቱ ውስጥ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አብረው እየኖሩ በ12 ወር ውስጥ ጽንስ ካልተገኘ መመርመር ተገቢ ነው። ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ግን ከ6 ወር በላይ መጠበቅ አይመከርም። የወር አበባዋ የሚዛባ ከሆነም ቀደም ብሎ መሄድ ይሻላል። በችግሩ ግማሽ ያህል ላይ ደግሞ የወንዱ ወገን፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ፣ ድርሻ አለው።

የወንዱ ምርመራ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሽ ናሙና ይሰጣል፤ ላቦራቶሪው የዘሩን ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ ያያል። ውጤቱ ዝቅ ቢል ከጊዜ በኋላ ይደገማል። አዲስ ዘር ለመፈጠር ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚወስድ ከሳምንታት በፊት የያዘው ትኩሳት እንኳ ውጤቱን ሊያወርደው ይችላል። በግንኙነት ችግር የሌለበት፣ ከዚህ በፊትም የወለደ ሰው ዘሩ ሊያንስ ይችላልና ወንድነት የምርመራ ወረቀት አይሆንም።

ሚስት ግን የሆርሞን የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ አንዳንዴም ቱቦዎቿ ክፍት መሆናቸውን ለማየት በማህፀኗ ፈሳሽ ተጨምሮ የሚነሳ ራጅ ያስፈልጋታል። ይህኛው ብዙ ጊዜ ያማል። ባል ቀላሉን ሳይመረመር ሚስቱን ወደ ከባዱ መላኩ ሚስትን እንደ ገዛ ሥጋ መውደድ አይደለም።

ምርመራ ሁሉን አይናገርም። ለምሳሌ ኤ.ኤም.ኤች. የሚባለው የደም ምርመራ በሴቲቱ ዘንድ የቀረውን የእንቁላል መጠን ይጠቁማል እንጂ ትፀንስ ወይም አትፀንስ እንደ ሆነ አይወስንም። ሁሉም ተመርምሮ ምክንያቱ የማይታወቅላቸውም አሉ። ስለዚህ ወረቀቱን አንናቀው፣ አናምልከውም።

«መመርመር እምነት ማጣት ነው» የሚሉ አሉ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ያንን እምነት ማጣት ነው ያለ የለም። ሐኪሙ ሉቃስም የጳውሎስ የአገልግሎት ባልደረባ ነበረ። ከሁሉ የሚያሳስበን «በዓመቱ ልጅ ትታቀፊያለሽ» እየተባለ በችኮላ የሚነገረው ነው። ዓመቱ ሲያልፍ የተናገረው ሰው አይጠየቅም፤ «እምነትሽ ጎድሎ ነው» ተብላ የምትወቀሰው እርሷ ናት። ዕድሜዋም አብሮ ያልፋል። የተዘጋ ቱቦ ወይም ያነሰ ዘር በጊዜ ቢታወቅ ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነገር አለ።

ሉቃስ ስለ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ሲጽፍ ልጅ እንዳልነበራቸው ከመናገሩ በፊት ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ይህ ቅደም ተከተል የጎረቤትንም የቤተ ክርስቲያንንም አፍ ሊዘጋ ይገባል። ይስሐቅም በ40 ዓመቱ አግብቶ ልጆች ያየው በ60 ዓመቱ ነው፤ ስለ ርብቃ ወደ እግዚአብሔር የለመነው እርሱ ራሱ፣ ባልየው ነበር። ጸሎቱ የሁለቱ ከሆነ ምርመራውም የሁለቱ ይሁን።

እንግዲህ ባሎች ሆይ፣ አብራችሁ ሂዱ፤ የሚቻል ከሆነ እናንተ ቀድማችሁ ተመርመሩ። የመጀመሪያዎቹን ምርመራዎች በብዙ ሆስፒታሎች ማግኘት ይቻላል። ከዚያ ያለፈ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸውም አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። አማቶች ሆይ፣ «ምን አዲስ ነገር አለ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉላቸው። እኛ መጋቢዎችና ሽማግሌዎችም ምርመራውን እየባረክን እንላካቸው፤ ውጤቱ የሁለቱ ምሥጢር ነውና ያለ ፈቃዳቸው የጸሎት ርዕስ አናድርገው።

ውጤቱ «አይሆንም» የሚል ቢሆንስ? ባልና ሚስት አንድ ሥጋ የሆኑት በኪዳናቸው እንጂ በልጃቸው አይደለም። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ስጦታው ያልደረሰው ሰው ግን በሰጪው ፊት የተናቀ አይደለም። የአብራካቸውን ክፋይ ያላዩ ባልና ሚስት በቤተ ክርስቲያን ቤተሰብ ውስጥ ሙሉ ቦታ አላቸው። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን ልጅ ባረክን ቀን አጠገባቸው በመቀመጥም እናሳያቸው።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።