የካርቶኑ ቁጥር ሰማይን አያቀርብም
ለጀማሪዎች በሚሸጡ ርካሽ ቴሌስኮፖች ካርቶን ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ቁጥሩ ገዢን ከማማለል ያለፈ ጥቅም የለውም። ወሳኙ ብርሃን የሚሰበስበው ሌንስ ስፋት ነው፤ ባለ 60 ሚሊ ሜትሩ ከ120 ጊዜ በላይ ሲያጎላ ምስሉ ይደበዝዛል። ጋሊሊዮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘው 20 ጊዜ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነበር።

ይበልጥ ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን የሚንቀጠቀጠው መቆሚያ ነው፤ በጣት ሲነካ ሳተርን ከእይታ ትወጣለች፤ ልጁም በሁለተኛው ሌሊት መሣሪያውን ወደ ካርቶኑ ይመልሰዋል። ወላጅ በዚያው ገንዘብ 10 ጊዜ የሚያጎላ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ባይኖኩላር ቢገዛ ይሻላል፤ ክርኑን ደገፍ ላደረገ ሰው የጨረቃን ትልልቅ ጉድጓዶች ያሳያል። የሳተርንን ቀለበት የሚሻ ግን ገንዘብ አጠራቅሞ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ባለመስታወት ቴሌስኮፕ ይግዛ።