በኢንሹራንሱ ወረቀት የማን ስም አለ?

በአሜሪካ ፖስታ ቤት የምታገለግሉ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ አንዳንድ አባወራ ሚስቱ በራስዋ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ስላላት፣ ከደመወዙ የሚቀነሰውን ለማሳነስ ሲል የሕክምና ኢንሹራንሱን ለራሱ ብቻ ያስመዘግባል። ቁጠባው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ሁኔታ ሳለ ቢሞት፣ ሚስቱ ጡረታውን ብትወርስም ሕክምናውን አትወርስም፤ ኋላ ሥራዋን በተወች ጊዜ ያለ ዋስትና ልትቀር ትችላለች። በሞተበት ቀን እርስዋም በመዝገቡ ብትኖር ኖሮ፣ ከጡረታው ጋራ ይቀጥልላት ነበር።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የፖስታ ሠራተኞች ከሌሎቹ የፌዴራል ሠራተኞች ተለይተው በራሳቸው ዕቅድ ገብተዋል፤ ላልመረጡትም ተመርጦላቸዋል። ስለዚህ ወረቀቱን ገና ያልተመለከተ አይጠፋም። የመለወጫው ጊዜ በየዓመቱ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ነው፤ ጋብቻ ወይም ልደት ሲሆን ግን ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ስም ማስገባት ይቻላል።