ጀርመንኛ ተምረሽ ምን ልትሆኚ?

የእህቴ ልጅ ጀርመንኛ መማር የጀመረች ጊዜ ያልተደሰተ ዘመድ አልነበረም። እናቷ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። አጎቷ የኮርሱን ክፍያ ቻለ። ኤ አንድን ስታልፍ ተመረቀች፤ ቢ ሁለት ስትደርስ ደግሞ “በቃ፣ ይቺ ልጅ ሄደች” ተባለ። “ለመሆኑ በዚህ ቋንቋ ምን እያነበብሽ ነው?” ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም። እኔም ጭምር።

ጉዱ የፈላው ሲ አንድን ባለፈች በፋሲካው ነው። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ፣ “ለማስተርስ ላመለክት ነው” አለች። እልልታው ሊቀልጥ ጥቂት ሲቀረው አንዱ “በምን?” ብሎ ጠየቀ። “በጀርመን ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ባህል።”

ቤቱ ጭጭ አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ። “ጀርመን ድረስ ሄዶ ለጀርመኖች ጀርመንኛ! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው” አለ አጎቷ። እናቷ ነገሩን አሳጠረችው፤ “ጀርመንኛ ተምረሽ ምን ልትሆኚ?” አጎቷ ቆየት ብሎ ጨርሶ ኮስተር አለ። ለቪዛው የሚጠየቀውን የባንክ ገንዘብ ሊያስይዝላት ቃል ገብቶ ነበር። በ2024 የተቆረጠው ልክ በወር 992 ዩሮ ነው፤ ለዓመቱ አባዙት። “ለኮምፒዩተር ከሆነ እከፍላለሁ፤ ለተረት ግን አልከፍልም” ብሎ ቁርጡን ነገራት።

እኔስ? የተማረ ነው የሚባለው፣ በቤተሰቡ መጽሐፍ አንባቢ ነው የሚባለው እኔ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ወደ እኔ ዞር አለችና፣ “ጋሼ፣ ያ ስለ አክሱም ሐውልቶች የሚወዱት መጽሐፍ በመጀመሪያ የተጻፈው በምን ቋንቋ ነው?” አለችኝ። መጽሐፉ የእንግሊዝኛ ነው። ግን ጥያቄው ወጥመድ እንዳለው ስለገባኝ ዝም አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ መግቢያውን ዳግመኛ ገለጥኩት።

እናላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ።) በ1906 በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን ጓድ በአፄ ምኒልክ ፈቃድ አክሱም ገብቶ ሐውልቶቹን ለካ፣ ሣለ፣ የንጉሥ ኢዛናን የድንጋይ ጽሑፎች ገለበጠ። ሥራው በ1913 በአራት ትልልቅ ቅጾች በርሊን ታተመ፤ በጀርመንኛ። ዴቪድ ፊሊፕሰን የተባሉ እንግሊዛዊ የአርኪዮሎጂ ምሁር ከዚያ መርጠው በእንግሊዝኛ ያቀረቡት በ1997 ነው። ከ84 ዓመት በኋላ ማለት ነው! እኔ የምመካበት መጽሐፍ ይሄው ኖሯል። የገዛ አገሬን ድንጋይ ለማንበብ እንግሊዙ ጀርመንኛውን እስኪያነብልኝ ጠብቄያለሁ።

ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ ይብሳል። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። መጀመሪያ መግባቢያቸው ግዕዝ ነበር። በ1652 እስከ ጎታ ከተማ ድረስ ተጋብዘው ሄደው ሰውየውን ስለ አገራቸውና ስለ ቋንቋቸው አስተማሩት። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 አሳተመ። አውጉስት ዲልማንም እንዲሁ አገራችንን ሳይረግጥ በ1857 ታላቁን የግዕዝ ሰዋስው በጀርመንኛ ጻፈ። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ደግሞ ከ1905 ጀምሮ በርሊን ተቀምጠው ጀርመኖችን ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። በሃምቡርግ የተዘጋጀው ባለ አምስት ቅጹ የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፒዲያ ከ2003 እስከ 2014 ወጥቶ ተጠናቋል።

እዚህ ላይ ጀርመኖቹን ልወቅስ አይደለም። ሰው ቤትህ መጥቶ መጽሐፍህን ቢያነብ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ጥፋቱ አንተ የእሱን ቤት ደጃፍ አልፈህ ሳሎኑ አለመግባትህ ነው። ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በላይ የሆነው ይህ ወዳጅነት በአንድ በኩል ብቻ የሚነበብ ነው። እነሱ እኛን ለማንበብ ቋንቋችንን ከነቅኔው አጠኑ። እኛ የእነሱን ቋንቋ ያጠናነው የተጠየቅነውን ያህል ብቻ ነው።

ያህሉን ማን ይወስናል? ኤምባሲው! ከ2007 ጀምሮ የትዳር ጓደኛውን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ባጠቃላይ ኤ አንድ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ኤ አንድ እንማራለን። ለነርስነት ሥልጠና ቢ አንድ ወይም ቢ ሁለት ይባላል፤ ያችን እንማራለን። ቪዛው ሲመታ ቋንቋው ያልቃል። በደርግ ዘመን ምሥራቅ ጀርመን የተላኩት ወገኖቻችንም ላይፕሲግና ሌላም ቦታ ጀርመንኛ ተማሩ፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ ሆኑ። እሰየው፣ አገር የላከቻቸው ለዚያ ነው። ግን ቋንቋው መሰላል ብቻ ነበር። መሰላል ደግሞ ጣሪያ ላይ ከወጡ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

“እና በእንግሊዝኛ ማንበብ ምን አለበት?” የሚል አይጠፋም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በጀርመንኛ “ሹልድ” የሚባል ቃል አለ። የበደል ጥፋትም ነው፣ የገንዘብ ብድርም ነው። ፈላስፋው ኒቼ በ1887 ባሳተመው የግብረ ገብ አመጣጥን በሚመረምር መጽሐፉ፣ የሰው ልጅ የበደለኛነት ስሜት ከአበዳሪና ከተበዳሪ ግንኙነት እንደበቀለ ሲከራከር ይችን የቃል መንታነት መነሻ አድርጓታል። እንግሊዝኛው ሁለቱን የሚይዝ አንድ ቃል ስለሌለው አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ግድ ይሆንበታል። ከእንግሊዝኛው የሚተረጉመው የእኛ ሰው “ጥፋተኝነት” ብሎ ይጽፋል፤ ክርክሩም መንገድ ላይ ይቀራል። ግን እኮ አማርኛ “ዕዳ” አለው! የባንክ ዕዳ እንላለን፤ የደም ዕዳ እንላለን። በቀጥታ ቢመጣ ኖሮ ቃሉ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በአማርኛ ቤቱን ያገኝ ነበር። ይህን የሚያይ ሰው ግን ሁለቱንም ቋንቋ እስከ ሥራቸው የቆፈረ መሆን አለበት። ያ ደግሞ በኮርስ አይገኝም፤ ዓመታት ተቀምጦ ማጥናት ይጠይቃል።

እሺ፣ እንጀራውስ? የእናቷ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎቻችን ላይ “ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ” ከሚለው ሐረግ ውስጥ ጀርመንኛን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ይህን አልክድም። ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተርሱን የያዘውን ሰው “እንግሊዞች እንግሊዝኛ አነሳቸው እንዴ?” ያልነው መቼ ነው? ሁለተኛ፣ ለቪዛና ለሥልጠና ጀርመንኛ የሚማረውን ይህን ሁሉ ወጣት ማን ያስተምረው? ቢ ሁለት ላይ የቆመ ሰው እስከ ቢ ሁለት እንኳ አያደርስም።

ከእንጀራውም በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ። ወንድማማቾቹ ግሪም፣ በተረታቸው የምናውቃቸው ማለት ነው፣ በ1838 የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ሳይጨርሱት ሞቱ። ሌላው ተቀበለው፣ እሱም ሞተ። ሁለት የዓለም ጦርነት አለፈ፣ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ በምሥራቅና በምዕራብ ያሉት ምሁራን ግን ተካፍለው ሠርተው በ1961፣ የበርሊን ግንብ በተገነባበት ዓመት ፈጸሙት። 123 ዓመት! እኛም ይህን ሙያ አናጣውም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ እሳቸውም ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ ብለው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1948 ታትሟል። ጀርመኖቹ ይህን አደራ ከሦስት ሰው ትከሻ ላይ አውርደው የተቋም ሥራ አደረጉት። እንዴት እንዳደረጉት ከውስጥ ገብቶ አይቶ የሚነግረን ልጅ ብንልክ ምን ይጎዳናል?

ጀርመንኛን ከውስጥ የያዘ ሰው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አይተናል። ልጅ አስፋ ወሰን አሥራተ በ2003 ስለ ሥርዓትና ወግ በጀርመንኛ ጽፈው ጀርመኖቹ መጽሐፉን ተሻሙበት። በማግስቱ ዓመት የሻሚሶን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበሉ። ሐበሻ ለጀርመን ጨዋነትን በራሱ ቋንቋ አስተማረ! ለቀባሪው ማርዳት ይሉታል ይሄን?

ልጅቷ እስካሁን መልስ እየጠበቀች ነው። አጎቷ አልተመለሰም። እኔ ግን እህቴ ዘንድ ሄጄ፣ ከባንክ ገንዘቡ የአቅሜን ያህል እንደማዋጣ ነግሬያለሁ። ቸር ሆኜ አይደለም፤ የዚያን ቀን ሳቅ ዕዳ አለብኝ። እናንተም በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ “ምን ልትሆን?” ከማለታችሁ በፊት “ምን እያነበብክ ነው?” በሉት። መልሱን ቁጭ ብላችሁ ስሙ።